ጎተራ የምትጠብቅ፣ ጫጩት የማትነካ ድመት

ማሽላና በቆሎ በሚከተትበት ቤት ድመት ለጌጥ አትያዝም። ከደንገጎ አቀበት በላይ፣ በሐረማያና በአወዳይ ዙሪያ፣ ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆና ወደ ባቢሌ ወረድ ሲባልም፣ የገበሬ ቤት ድመት ሥራ አላት፤ ሥራዋም አይጥ ነው። «ድመቴ እንዳታድን ምን ላድርግ?» የሚለው የከተሜ ጥያቄ እዚህ ብዙም አያስኬድም። አይጥ ካልያዘች ለምን ተቀመጠች? ጣጣው ያቺው ድመት ሌሊት አይጥ ይዛ አድራ፣ ማለዳ ከጓሮ ወፍ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ የጎረቤት ጫጩት አንጠልጥላ መምጣቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ከጎረቤት ጋር ጠብ፣ ከባሰም ለድመቷ ታስቦ የተቀመጠ መርዝ ነው።

አደኑን ማጥፋት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚቻለው ሰዓቱንና ቦታውን መለወጥ ነው። ሌሊቱን ጎተራ ቤት ታሳልፍ፣ ማለዳው ሳይሞቅ አትውጣ። ይህ ከተሳካ ከቀረው ችግር የሚበዛው ይቃለላል፤ ይህ ካልተያዘ ግን አንገቷ ላይ ምን ቢታሰር ዋጋ የለውም።

ሥር ከሰደደ አንድ እምነት ልጀምር። «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይባላል፤ በዚህ የተነሳ ድመቱን ሆን ብሎ የሚያስርብ ቤት ጥቂት አይደለም። ረሃብ አደንን ያባብሳል እንጂ የአደን ምንጩ እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ አንድ ሙከራ፣ የሚወዱትን ምግብ እየበሉ የነበሩ ድመቶች አይጥ ሲቀርብላቸው ምግቡን ትተው ሄደው ገደሉ፤ ከዚያ ወደ ምግባቸው ተመለሱ። ለአዳኝ እንስሳ ይህ ብልህነት ነው። አንዲት ትንሽ አይጥ ከ30 ካሎሪ ብዙም አትበልጥም፤ አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ደግሞ በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ትፈልጋለች። በአይጥ ብቻ ለመኖር በቀን ስምንት ያህል መያዝ አለባት፣ ከሙከራዋም ብዙው ይከሽፋል። እስክትራብ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ድመት ዘር አትተካም ነበር። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያሉት አባቶች ነገሩን ያለ ሙከራ ጨርሰውታል።

የተራበች ድመት የምትለየው በሌላ ነገር ነው፤ ርቃ ትሄዳለች፣ ቀላሉንም ትመርጣለች። ቀላሉ ደግሞ ተናካሹ ትልቅ አይጥ ሳይሆን ጫጩትና ገና መብረር ያልቻለ የወፍ ልጅ ነው። ማስራብ የሚያተርፈው ከቤት የራቀች፣ የማይፈለገውን የምታድን ድመት ነው።

ሥጋ ያለው ምግብ ግን ለውጥ ያመጣል። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ እህል የሌለበትና ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት ግዳይ በ36 በመቶ ቀንሷል። በቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ከባለቤታቸው ጋር የተጫወቱት ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሰዋል። በዚያ አገር ሥጋ የሞላበት ቆርቆሮ ከሱቅ ይገዛል፤ እዚህ ያለን ሥጋ ቤት ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም የተቀቀለ ሳንባ፣ ጣፊያ፣ ልብና ቁርጥራጭ ሥጋ ለጠዋትና ለማታ ተከፍሎ ሲሰጥ ይበቃታል። ልብ በተለይ ጥሩ ነው፤ ድመት ራሷ አብቃቅታ የማትሠራው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፤ አብራችሁ ስጧት። ጉበት በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት ቁራጭ ከሆነ በቂ ነው፤ ሲበዛ የቫይታሚን ኤ ክምችቱ አጥንቷን ይጎዳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ደሟን ያበላሻል፤ ስለዚህ የወጥ ትራፊ የድመት ምግብ አይደለም። ወተትም ብቻውን ምግብ አይሆንም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል።

በጾም ወራት ነገሩ ይከፋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሽሮና ጎመን በሚበላበት ቤት ትራፊውም ሽሮና ጎመን ነው፣ ያውም ሽንኩርት ያለበት። ድመት አትጾምም፤ ቤት ውስጥ ያጣችውን ሥጋ ደጅ ትፈልጋለች። የጾሙ መጨረሻ ደግሞ ከበልግ ዝናብና ከወፎች መፈልፈያ ጋር ይገጥማል። በጾም ለድመት ሥጋ መግዛት የሚከብደው ቤት አስቀድሞ ቋንጣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ቢያደርቅላት፣ በውኃ እያራሰ ሊያበላት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጎተራ ቤቱ።

ድመት ከሁሉ በላይ ንቁ የምትሆነው ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ወፎች ደግሞ ማለዳ መሬት ወርደው ይለቅማሉ፤ አይጥ የሚንቀሳቀሰው ሲመሽ ነው። ስለዚህ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጎተራ ቤት ገብታ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የምትወጣ ድመት የአይጡን ሰዓት በሙሉ ታገኛለች፣ የወፉን ግን ታጣለች። ሌላም ትርፍ አለው። ሐረር ጅብ የሚቀለብባት፣ ግንቧም ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ያለባት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው ገጠርም ጅብ በየሌሊቱ ይዞራል። ከጅብና ከልቅ ውሻ ጋር ደጅ ከምታድር ድመት፣ በር ተዘግቶባት የምታድረው ዕድሜዋ ይረዝማል።

ድመት ግን ዛሬ ገፍቶ ማስገባትን አትረሳም፤ ነገ 11 ሰዓት ላይ ጣራ ላይ ናት። ልምዱ በምግብ ነው የሚሠራው። የማታውን ምግብ ጎተራ ቤት ውስጥ ብቻ አድርጉት፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማችሁ፤ ባዶ ጣሳ በማንኪያ መምታት በቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩን ሳትዘጉ ታብላና ትውጣ። ቀጥሎ እየበላች ሳለ ለግማሽ ሰዓት ዝጉ፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ለሌሊቱ። ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እየጮኸች እያለ በሩን የከፈተ ሰው ያስተማራት ጩኸትን ነውና፣ ዝም እስክትል ጠብቃችሁ ክፈቱ። ከምግቡ በፊት ጨዋታ ቢኖር የተሻለ ነው። አንድ ሜትር ዱላ ላይ አንድ ሜትር ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የጨርቅ ቁራጭ አስራችሁ መሬት ለመሬት ጎትቱላት፤ መጨረሻ ላይ ትያዘው፣ ወዲያው ትብላ። ጫጩት ባለበት ቤት የዶሮ ላባ ባይታሰር እመርጣለሁ። ገመዱን ስትጨርሱ አንሱት፤ የዋጠችው ገመድ አንጀቷን ይሰበስባል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልሽት የሚመጣው ከእህሉ ነው። ወለል ላይ የፈሰሰ ማሽላ ለድመት የተዘጋጀ መጸዳጃ ነው፤ ይቆፈራል፣ ይሸፈናል፣ ምን ትሻለች? እህሉ በከረጢት ካልታሰረ ወይም ጎተራው ክዳን ከሌለው ድመት አታሳድሩበት። አየር በማያስገባው የፒክስ ከረጢት ለሚያከማች ደግሞ ድመቷ እጥፍ ትጠቅማለች፤ አይጥ አንዴ የበሳው ከረጢት ነቀዙን ማፈኑ ይቀራል። መጸዳጃዋ 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ይሁን፣ ከእህሉ በራቀው ጥግ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ደረቅ አሸዋ ይደረግበት። በየቀኑ ጠዋት ይጠረግ። «በየቀኑ» ያልኩት ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ከድመት እዳሪ ጋር የሚወጣው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ፅንስ የሚጎዳ ተውሳክ እንቁላል ሰው ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን መብሰል ይፈልጋል፣ ቶሎ ከተጣለ ጉዳት ለማድረስ አይደርስም። ነፍሰ ጡር ይህን ሥራ ለሌላ ትተው።

ሁለተኛው ብልሽት ገዳይ ነው። በተለምዶ ፎስቶክሲን የሚባለው የነቀዝ ክኒን የተደረገበት ክፍል ውስጥ ድመትም ሰውም ማደር የለበትም፤ ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው ጋዝ ሳንባ ያለውን ሁሉ ይገድላል። እህል ታክሞ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ድመቷ ሌላ ቦታ ትደር። በሐረርጌ የተለመደው የማሽላ ጉድጓድም ድመት የምትላክበት ቦታ አይደለም። እህሉ ሲተነፍስ የሚከማቸው የታፈነ አየር ለሚወርደው ሰውም ያሰጋል።

ከድመቷ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብንም እንተማመን። ትንንሽ አይጦችንና የአይጠ መጎጥ ግልገሎችን በደንብ ትይዛለች፤ የጎለመሰ አይጠ መጎጥ ላይ ግን ብዙ ድመት አይደፍርም። በኒውዮርክ አንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያ ውስጥ ለአምስት ወር በካሜራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ክትትል፣ በድመቶች ሲገደሉ የታዩት ትልልቅ አይጦች ሁለት ብቻ ነበሩ። አይጦቹ ድመቶቹን ሲያዩ ገላጣ ቦታ ላይ መታየት ቀነሱ እንጂ አላለቁም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ድመት የጸዳ ጎተራ ትጠብቃለች እንጂ አይጥ የወረረውን ጎተራ አታጸዳም። መጀመሪያ ወጥመድ፣ ቀዳዳ መድፈን፣ ጎተራውን ከመሬት ወደ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግና በእግሮቹ ላይ ቆርቆሮ በተደፋ ፈነል ቅርጽ፣ ሰፊው አፉ ወደ ታች ሆኖ መጠቅለል፤ ከዚያ ድመት። ግልገል አይጥ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ያልፋል።

መርዝና ድመት አብረው አይሄዱም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዓይነት መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ለቀናት እየደከመ ይንቀሳቀሳል፣ ለድመት ከዚህ የቀለለ ግዳይ የለም። እሷም ከቀናት በኋላ ድዷ ይገረጣል፣ ይደማል፣ ትንፋሿ ያጥራል። በጊዜ ከተደረሰ ሐኪም የሚሰጠው ቫይታሚን ኬ1 ያድናታል። ዚንክ ፎስፋይድ የበላ አይጥ ፈጥኖ ይሞታል፣ ይሁን እንጂ ሆዱ ውስጥ የቀረው መርዝ ስለሚያሰጋ እሱም ይጠንቀቁት። ጎረቤት መርዝ የሚያስቀምጥ ከሆነ አስቀድሞ ተነጋግሮ ለእነዚያ ቀናት ድመቷን መዝጋት፣ የሞተውን አይጥ በየጠዋቱ ለቅሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት መቅበር ነው።

ወደ ወፎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ «ግሪሳንስ ትብላልን» የሚል ገበሬ አይጠፋም። ግሪሳ ግን በመንጋ መጥቶ ማሳ አጭዶ የሚሄድ ነው፤ ድመት ከዚያ መንጋ ብትቀንስ የሚታወቅ ነገር የለም። የምታጠፋው ከቤት አጠገብ የሚኖሩትን፣ ትልና አንበጣ የሚለቅሙትን ነው።

የአንገት ቃጭል የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ውጤቱ አወዛጋቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶች ግዳይን ይቀንሳል ሲሉ፣ የ2021ዱ የኤክሰተር ጥናት ግን የታየ ለውጥ አላገኘበትም። ሠርቶም ቢሆን ለእኛ አይበጅም፤ ወፏን ያስጠነቀቀ ቃጭል አይጡንም ያስጠነቅቃል። የሚስማማን ደማቅ የጨርቅ ማነቂያ (የአንገት ማሰሪያ) ነው። በዚያው ጥናት እንዲህ ያለ ማነቂያ ያደረጉ ድመቶች ያመጡት ወፍ በ42 በመቶ ሲቀንስ፣ የአይጥ ዓይነቶቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ወፍ ቀለም አጥርታ ታያለች፤ በጨለማ የሚሄድ አይጥ ግን ለቀለም ግድ የለውም። ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

ጨርቁ እዚሁ ይሠራል። ሐረር ውስጥ ማኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካናማ ቁርጥራጭ ለማግኘት አያስቸግርም። ስፋቱ ሲያልቅ አምስት ሴንቲሜትር የሚሆን፣ ርዝመቱ ወደ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ጨርቅ እንደ ቱቦ ሰፍቶ፣ በቀጭን ማነቂያ ላይ ሸንሽኖ ማስገባት ነው። ጥንቃቄው ማነቂያው ላይ ነው። ቅርንጫፍ ይዞ ሲያስቀራት ካልተበጠሰ ያንቃታል። ስለዚህ ማነቂያውን አንድ ቦታ ቆርጣችሁ በነጠላ የጥጥ ክር በሁለት ስፌት ብቻ አያይዙት፤ በእጅ ጠንከር አድርጋችሁ ስትስቡት መበጠስ አለበት። በአንገቷና በማነቂያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ከዚያ በላይ ከላላ የፊት እግሯ ይገባና ብብቷን ይቆርጣታል። ስድስት ወር ያልሞላት ግልገል ቶሎ ስለምታድግ ባታስሩላት ይሻላል። ማነቂያው ጠፋ ብላችሁ አትናደዱ፤ መጥፋቱ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ግቢውንም ማስተካከል ይቻላል። ድመት አድብታ ነው የምትይዘው፤ የምታደባበትን ካጣች ግማሽ ሥራዋ ይበላሻል። በደረቁ ወራት፣ በተለይ በድሬዳዋ ቆላ፣ ወፍ ውኃ ፍለጋ ግቢ ድረስ ይገባል። ውኃ የምታስቀምጡ ከሆነ ከቁጥቋጦና ከአጥር ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ባለ ቀጭን ምሰሶ ላይ ይሁን። ጎጆ የተሠራበት ዛፍ ግንድ ላይ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ፣ የታችኛው ጫፉ ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል ሳያንስ ዙሪያውን ቢጠቀለል ጥፍሯ አይቆነጥጥም፤ አጠገቡ ሌላ ዛፍ ወይም ጣራ ካለ ግን ልፋት ነው። በቁጥቋጦ ሥር የግራር እሾህ መጎዝጎዝም ይረዳል። ከዝናብ በኋላ የወፍ ልጆች ከጎጆ ወርደው በደንብ መብረር እስኪችሉ ጥቂት ቀን መሬት ላይ ይቆያሉ። ሲንጫጩ ከሰማችሁ ድመቷን ለዚያ ሳምንት እስከ 4 ሰዓት አትልቀቁ።

ጫጩት ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የድመቷ አስተዳደግ ይወስናል። ቻይናዊው ተመራማሪ ዚንግ ያንግ ኩኦ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመው ሥራ አሁንም ይጠቀሳል። እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉ 21 ግልገሎች 18ቱ አይጥ ገዳይ ሲሆኑ፣ ብቻቸውን ካደጉ 20 ውስጥ 9፣ ከአይጥ ጋር አብረው ካደጉ 18 ውስጥ ግን 3 ብቻ ገደሉ። ስለዚህ ግልገል ስትመርጡ እናቷ ምን እንደምታድን ጠይቁ። አይጥ ከምትይዝ፣ ዶሮ ካለበት ቤት ከምትኖር እናት፣ በስምንት ሳምንቷ ገደማ ውሰዷት። ቤት ስትደርስ ሽቦ መካከል አድርጋችሁ ጫጩቶቹን በየቀኑ ታያቸው፤ እናት ዶሮዋ አንዴ ብትነክሳት አትከልክሉ። ያ ትምህርት ከእናንተ ዱላ ይበልጣል። ዱላማ የሚያስተምራት እናንተን መሸሽ ብቻ ነው፤ ጫጩቱን እናንተ በሌላችሁበት ትበላለች።

ጫጩት መብላት የለመደች ያደገች ድመት ግን በትምህርት አትመለስም። እዚያ ላይ መፍትሔው ሽቦ ነው። ጫጩቶቹ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው፣ ቀዳዳው ከሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ባልበለጠ የዶሮ ሽቦ፣ ጣራም ያለው ቤት ይሠራላቸው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ካለው መዳፏን አስገብታ ትጎትታለች። ቅርጫት ደፍቶ ድንጋይ መጫን ለአጭር ጊዜ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ቀላል ከሆነ ትገለብጠዋለች። ከመክሰሳችሁ በፊትም ሰዓቱን ተመልከቱ። በጠራራ ፀሐይ አንድ በአንድ እያለ የሚጠፋ ጫጩት የጭልፊት ሥራ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ከተዘጋ ቆጥ ገብቶ ብዙ የሚፈጅ ደግሞ ሸለምጥማጥ ነው። ድመቷ በዚያ ሰዓት ጎተራ ቤት ተዘግቶባት ከነበረ፣ ጎረቤት ፊት የምታቀርቡት ማስረጃ አላችሁ።

እንሽላሊትና እስስት የሚያዙት በቀን፣ ሙቀት ሲበረታ ነው፤ ለቀን እንቅልፏ ጥላ ቦታ ከተመቻቸላት ይህ አደን ይቀንሳል። እባብ ትገድላለች ተብሎ ድመት አይያዝ። አንዳንዷ ትሞክራለች፣ ተነድፋም ትሞታለች። እባቡ የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ስለሆነ የአይጡ መቀነስ ራሱ ይበቃል።

አይጥ የምታድን ድመት የቴፕ ትል ከአይጡ ትወስዳለች፤ በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በክብደቷ ልክ ይሰጣት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንቷ ይጀመርና ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይደገማል። ቁንጫ ሲበዛ ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት አታድርጉላት፤ ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ፣ ግማሽ ክኒን እንኳ።

አንድ ግቢ አንድ ወይም ሁለት ድመት ይበቃዋል። ከሁሉ አብልጣ የምታድነው ግልገል የምታጠባ እናት ናት። በዓመት ሁለት ሦስቴ አራትና አምስት እየወለደች ያለች ድመት ካለችባችሁ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይያዝም። ማምከን አደኑን አያጠፋም፤ ወላድነቱን ያቆማል፣ ወንዱንም ከመንከራተትና ከድብድብ ይገታል። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ሊደረግ ይችላል። ሴቷ ከተሰፋች በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ አሥር ቀን ያህል ጎተራ ቤት አታሳድሯት፤ የእህል አቧራ ስፌቷ ውስጥ ገብቶ ያመረቅዛል፣ አይጥ ስታሳድድም ክሩ ይፈታል።